ከምርቃቱ በኋላ ማን ያያታል?

ኤፕሪል ሲገባ የስቶክሆልም የውሃ ዳርቻ ጋራዥ ይመስላል። ከጥቅምት ጀምሮ መሬት ላይ ወጥተው፣ ሸራና ላስቲክ ለብሰው የከረሙ ጀልባዎች አንድ በአንድ ይገለጣሉ። ሐኪሙ፣ አስተማሪው፣ አውቶቡስ ነጂው፣ ጡረተኛው ሁሉ ያረጀ ቱታ ለብሶ ጀልባው ሥር ይጋደማል። አንዱ ይፍቃል፣ አንዱ ይቀባል፣ አንዱ ደግሞ የቡና ቴርሞሱን ይዞ የሌላውን ሥራ ይተቻል። ሜይ ላይ ክሬን ይመጣል፤ ጀልባዎቹም ተራ በተራ ወደ ውሃ ይወርዳሉ። ለብዙ ስዊድናውያን ይህ ቀን በዓል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኔም ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ከእነዚህ ቱታ ለባሾች አንዱ ነኝ።

የተወለድኩት ባሕር ዳር ነው። ለማስተርስ መጣሁ፣ ተመረቅሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ቀረሁ። የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ኮድ ስጽፍ እውላለሁ። አንድ ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የሐይቅ ልጅ ሆነህ ጀልባ የለህም?» ሲለኝ ነገሩ ከነከነኝ። ብዙም ሳልቆይ በ1973 የተሠራች፣ ሰባት ሜትር ተኩል የምትረዝም ባለ ሸራ ጀልባ በ15 ሺህ ክሮና ገዛሁ። የአንድ ጥሩ ላፕቶፕ ዋጋ ማለት ነው። ለምን ረከሰች? በ1970ዎቹ እዚህ አገር የፋይበር ግላስ ጀልባ በገፍ ይመረት ነበር። ፋይበር ግላስ እንደ እንጨት አይበሰብስም፤ የሚያረጁት ባለቤቶቹ ናቸው። ልጆቻቸው ደግሞ ጀልባውን አይፈልጉትም። ስለዚህ አሮጌ ጀልባ በትንሽ ገንዘብ፣ አንዳንዴም በነፃ ይገኛል።

ባለቤቴ ግን «ዋጋዋ ረከሰ ማለት ወጪዋ ረከሰ ማለት አይደለም» አለችኝ። አልሰማኋትም።

የመጀመሪያው ፀደይ ላይ ምን እንደሠራሁ ልንገራችሁ። የጀልባዋን ጎን አጥቤ ነጭ ቀለም ቀባሁ። ሰማያዊ መስመር አሰመርኩላት። ከኋላዋ በራሳችን ፊደል «ታንኳ» ብዬ ስሟን ጻፍኩ። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ። «እንኳን ደስ አለህ!» የሚለው መልእክት ስልኬን ሞላው። ክሬኑ የሚመጣበትን ቅዳሜ ቆርጬ አሥራ አራት ሰው ጠራሁ። ባለቤቴ እያጉረመረመች ዶሮ ወጥ ሠራች።

ዋዜማው፣ ዓርብ ማታ፣ ከጎኔ ያለው ጀልባ ባለቤት መጡ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ጡረተኛ ናቸው። እዚህ አገር «አንቱ» ከቀረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ሰው ሁሉ በስሙ ነው የሚጠራው። እኔም በስዊድንኛ በስማቸው እጠራቸዋለሁ። በአማርኛ ሳስባቸው ግን አንቱታው አይለቀኝም።

ዙሪያዋን አዩና «ቆንጆ ሆናለች» አሉኝ። ቀጥለው «ከውስጥስ አየሃት?» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ወደ ውስጥ ገብተው የወለሉን ሳንቃ አነሡና ባትሪያቸውን አበሩ። ለካ ጀልባ ማለት የተበሳ ነገር ነው! ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ውሃ የሚገባበት፣ የመታጠቢያው ውሃ የሚወጣበት፣ የሽንት ቤቱ መስመር፣ ሁሉም ከውሃው መስመር በታች የራሳቸው ቀዳዳ አላቸው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ቫልቭ አለ፣ ከቫልቩ ላይ ጎማ ይነሣል፣ ጎማውን ደግሞ ፋሸታ ያጠብቀዋል። በእኔና በሐይቁ መካከል ያለው እሱ ብቻ ነው።

«እስቲ አንቀሳቅሰው» አሉኝ። የአንዱን ቫልቭ እጀታ ያዝኩና ገፋ አደረግሁት። እጄ ላይ ቀረ። እጀታው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቫልቩ ራሱ ከአንገቱ እንደ ደረቅ ዳቦ ተሰበረ። የተሰበረበት ቦታ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ሮዝ ነበር።

ነሐስ መሰሉ ቅይጥ፣ እንግሊዞቹ ብራስ የሚሉት፣ ከመዳብና ከዚንክ ነው የሚሠራው። ውሃ ውስጥ ዓመታት ሲቀመጥ ዚንኩ ቀስ በቀስ ተበልቶ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ መዳብ ነው። ቅርፁ አይለወጥም፣ ከውጭ ደህና ይመስላል። ሮዝ ቀለሙ ግን «አልቄያለሁ» ማለት ነው።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ሒሳቡን ሠራሁት። ቀዳዳው 38 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ከውሃው መስመር ግማሽ ሜትር ዝቅ ይላል። ቫልቩ ውሃ ላይ ቢሰበር በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ይገባል። የእኔ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ደግሞ ባትሪው ሙሉ ሆኖ በደቂቃ 30 ሊትር ብታወጣ ነው። ያ እጀታ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አሥራ አራት ሰውና ሦስት ሕፃናት ዙሪያውን ባሉበት ቢሰበር ኖሮ ብዬ ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል።

ክሬኑን ሰረዝኩ። እንግዶቹን ግን መሰረዝ አልቻልኩም፤ ወጡ ተሠርቷል። ስለዚህ ቅዳሜ መሬት ላይ በቆመች ጀልባ ሥር ዶሮ ወጥ በላን። አንዱ ጓደኛዬ «አይዞህ፣ የኖኅ መርከብም የተሠራችው መሬት ላይ ነው» ብሎ አሳቀን። ሳቅሁ፤ ግን አፍሬ ነበር።

ማታ አባዬ ጋ ደወልኩ። አባቴ ከጡረታው በፊት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነበር የሚሠራው። ልጅ ሳለሁ ካቻቢቴና ፒንሳ አቀብለው ነበር። ነገሩን በዝርዝር ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «ቀለም ቀባሁ ትለኛለህ» አለ። «ቀለም ለሚያያት ነው። ለሚገባባት ምን አደረግህ?»

መልስ አልነበረኝም። ይባስ ብሎ ያ ጥያቄ ከጀልባዋ አልፎ ሌላ ቦታ ወሰደኝ።

ከዓመታት በፊት፣ ገና ተማሪዎች ሳለን፣ ከጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አገር ቤት ላለ አንድ ትምህርት ቤት 20 ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ልከን ነበር። የምርቃቱ ቀን ባነር ተሰቀለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ሽማግሌዎች መረቁን። ፎቶዎቹ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለእረፍት ስሄድ ክፍሉን ለማየት ጠየቅሁ። ቁልፉን ለመፈለግ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሲከፈት ኮምፒውተሮቹ በምርቃቱ ቀን የለበሱትን ጨርቅ እንደለበሱ ነበሩ፤ አቧራው ብቻ ተጨምሯል። ኤሌክትሪክ መጥቶ ሲሄድ ስታቢላይዘሩ ተቃጥሎ ነው። መቀየሪያው ስንት ነው ብዬ ባጠያይቅ ለምርቃቱ ባነርና ለስላሳ ካወጣነው ያነሰ ሆኖ ተገኘ!

ርእሰ መምህሩን «ለምን አልነገራችሁንም?» አልኳቸው። መልሳቸው አይረሳኝም፦ «ንብረቱ የእናንተ ስለመሰለን መንካት ፈራን።»

ያኔ ተናድጄ ነበር። «የጥገና ባህል የለንም» እያልኩ ለስንቱ አወራሁ። ያ የተሰበረ ቫልቭ እጄ ላይ ሲቀር ግን ገባኝ። እኔም ጀልባዋን ልክ እንደዚያ ክፍል ነበር ያዘጋጀኋት፤ ለፎቶና ለሪባን።

በእኛ ቋንቋ «ምርቃት» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ አለበት። የሽማግሌ ቡራኬም ምርቃት ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ መውጣትም ምርቃት ነው፣ ሕንፃ መክፈትም ምርቃት ነው። ሁሉም ግን መጀመሪያ ላይ ያለ ነገር ነው። የተመረቀው ነገር በሦስተኛው ዓመቱ፣ ማንም ሳያጨበጭብ፣ ጓርኒሽኑ ሲቀየርለት ለዚያ ቀን ስም የለንም።

ለነገሩ ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ስቶክሆልም የመጣ እንግዳ ሁሉ የሚወሰድበት የቫሳ ሙዚየም አለ። ቫሳ በንጉሥ ጉስታቭ ዳግማዊ አዶልፍ ትእዛዝ የተሠራች የጦር መርከብ ናት። ከመነሣቷ በፊት ሠላሳ ያህል ሰዎች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው እየሮጡ ሚዛኗን ሲፈትኑ ክፉኛ ስለተንገዳገደች ፈተናው ተቋረጠ። ንጉሡ ግን ቸኩሎ ነበር፤ ጉዞውም አልተሰረዘም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1628 ሕዝብ ተሰብስቦ እያየ ወጣች፤ 1,300 ሜትር ያህል ተጉዛ ንፋስ ነካ ሲያደርጋት ዘምማ ሰመጠች። ከ333 ዓመት በኋላ፣ በ1961 ነው ከባሕር ሥር የወጣችው። ቅርፃ ቅርፆቿ እጅግ ያማሩ ናቸው። ከእኔ ነጭ ቀለምና ሰማያዊ መስመር ጋር ዘመድ ይመስሉኛል።

«ባህሉ የለንም» የሚለውን ደግሞ አሁን አልቀበለውም። ጣና ዳር ያደገ ሰው እውነተኛዋን ታንኳ ያውቃታል። ከደንገል ነው የምትሠራው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቷ ከሥራ ሲመለስ ውሃ ላይ ጥሏት አይሄድም፤ ጎትቶ አውጥቶ ያደርቃታል። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜዋ አጭር ነው። ያ የየቀኑ ማድረቅ ጥገና ካልሆነ ምን ሊባል ነው? እናቶቻችን አዲስ ምጣድ አሟሽተው ነው ሥራ የሚያስጀምሩት፤ ከዚያም በየጋገሩ ቁጥር በጎመን ዘር ያስሱታል። የሣር ክዳን ይታደሳል፣ የጭቃ ግድግዳ ይለቀለቃል። የራሳችን ነው ያልነውን ነገር እንጠብቃለን። የማይጠበቀው ሠሪው ሌላ፣ ተጠቃሚው ሌላ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ነው። ያ የኮምፒውተር ክፍል ባለቤት አልነበረውም፤ መራቂ ብቻ ነበረው።

ወደ ጀልባዋ ልመለስ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሽማግሌው አንድ ደብተር ሰጡኝና «ከታች ጀምር» አሉኝ። አምስት ሳምንት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ቫልቮቹን ሁሉ ቀየርኩ፤ ዚንኩ የማይበላ ቅይጥ ገዛሁ። እያንዳንዱን ጎማ በሁለት ፋሸታ አሰርኩ። በየቫልቩ አጠገብ ጫፉ የሾለ የእንጨት ውታፍ በገመድ አንጠለጠልኩ። ቫልቩ ቢሰበር ውታፉን ቀዳዳው ላይ መምታት ነው። የሃምሳ ክሮና እንጨት ነው፣ ግን ጀልባ ያድናል።

ቀጥዬ የጀልባዋን ሆድ መፋቅ ጀመርኩ። የድሮ ባለቤቶች ሣርና ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት እንዳይለጠፉባት መርዛማ ቀለም ደራርበው ቀብተዋታል። ከእነዚህ ቀለሞች አንዳንዶቹ ቲቢቲ የሚባል የቲን ውህድ ነበረባቸው። ይህ ነገር ሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎች ላይ የወንድ አካል እስኪያበቅል ድረስ የሚያዛባ መርዝ ነው። ስዊድን በ1989 ለትንንሽ ጀልባዎች ከለከለችው፤ ለመርከቦች በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለው በ2008 ነው። ቀለሙ ግን ከሥር ተደብቆ ይቀመጣል፤ እኛ ሶፍትዌር ላይ ከእኛ በፊት የነበረ ሰው ትቶት የሄደ ኮድ እንደምንለው ነው። የክለባችን ጀልባዎች የሚውሉት ሜላረን ሐይቅ ላይ ሲሆን ይህ ሐይቅ የስቶክሆልም የመጠጥ ውሃ ነው። ስለዚህ መሬቱ ላይ ላስቲክ አንጥፌ፣ ጭምብል አድርጌ፣ የፋቅሁትን እያንዳንዷን ቅንጣት ሰብስቤ ወደ አደገኛ ቆሻሻ ማስረከቢያ ወሰድኩ። ዛሬ ሆዷን በመርዝ አልቀባም፤ በእኛ ክረምት፣ ማለትም በፈረንጅ በጋ፣ በብሩሽ አጥባታለሁ።

ቀለሙ ሲነሣ የአተር ፍሬ የሚያካክሉ እብጠቶች ወጡ። አንዱን ስወጋው የወጣው ፈሳሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተኝ። ውሃ ፋይበር ግላሱ ውስጥ ሰርጎ ሲገባ የሚፈጠር ሕመም ነው። መድኃኒቱ እብጠቱን መክፈት፣ ማጠብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማድረቅ፣ ከዚያ በኢፖክሲ መሙላት ነው። ቸኩሎ እርጥቡ ላይ ኢፖክሲ የደፈነ ሰው ውሃውን ቆልፎበት ነው የሚሄደው። የእኔ የተለመደው ኢፖክሲ ደግሞ ከአሥር ዲግሪ በታች በቅጡ አይደርቅም። በስዊድን ፀደይ ይህን መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ምሰሶዋን የሚይዙትን የብረት ገመዶች ደግሞ በጥጥ ነው የፈተሽኳቸው። ሽማግሌው ያስተማሩኝ ነው። ጥጡን ገመዱ ላይ ከላይ እስከ ታች ትስባላችሁ፤ አንዲት የተበጠሰች ክር ካለች ዓይን ባያያትም ጥጡን ትይዘዋለች። አንድ ቦታ ያዘችው። ያን ገመድ ቀየርኩ።

በመጨረሻ ከሁሉ የወደድኩት ነገር፦ ከውሃ በታች ካለው የሞተሩ ብረት ጋር የምትታሰር አንዲት ጉብታ ብረት አለች። ሥራዋ መበላት ነው። ውሃ ውስጥ የሚገናኙ ብረቶች ደካማው ቀድሞ ስለሚበላ እሷ በሌሎቹ ፋንታ ታልቃለች። በጨው ውሃ ከዚንክ፣ እንደ ሜላረን ባለ ጨው አልባ ውሃ ከማግኒዥየም መሆን አለባት። የቀድሞው ባለቤት ዚንክ አስረውባት ነበር፤ እንደ አዲስ ናት፣ ምንም አልተበላችም። አየሁና «ጎበዝ፣ ገንዘብ ተረፈኝ» ልል ስል ሽማግሌው ሳቁ። «ያልተበላች ከሆነ አልሠራችም ማለት ነው» አሉኝ።

ይህ ዐረፍተ ነገር ለማኅበሮቻችን ሁሉ የሚሆን ይመስለኛል። የጥገና በጀት ተበልቶ ማለቁ ኪሳራ አይደለም፤ ሥራው ያ ነው። እኛ ግን ሪፖርት ስናነብ «አዲስ ምን ተሠራ?» ብለን እንጂ «የዛሬ ሦስት ዓመት የሠራነው ዛሬም ይሠራል ወይ?» ብለን አንጠይቅም። ሥራ ቦታዬ ላይ አንድ ሲስተም ለደንበኛ ከተለቀቀ በኋላ ማን በሌሊት ተጠርቶ እንደሚያየው ስሙ ሳይጻፍ አይለቀቅም። ይህን እያወቅሁ ለትምህርት ቤቱ አንድ ስም እንኳ አልጻፍኩም ነበር።

ያን ዓመት መኸር ላይ ጓደኞቼን ሰብስቤ ይህንኑ አጫወትኳቸው። አንዳንዶቹ «ጀልባ ገዝተህ ፈላስፋ ሆንክ» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ሦስት ነገር ተስማማን። ከምናዋጣው መቶ ክሮና ሠላሳው እንዳይነካ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ጥገና ይቀመጣል። ንብረቱ በጽሑፍ የትምህርት ቤቱ ይሆናል፣ ለመፍታትም ለመጠገንም ማንንም እንዳይጠይቁ። ቁልፍና ደብተር የሚይዝ አንድ መምህር ይመረጣል፣ ለድካሙም በየወሩ ትንሽ ይከፈለዋል። ስታቢላይዘሩ ተቀየረ። ከ20ዎቹ ኮምፒውተሮች 13ቱ ተነሡ፤ ሰባቱ ለመለዋወጫ ተፈቱ። ሁሉም ነገር ተሳካ አልላችሁም፤ መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው አራት ወር ያህል ክፍሉ እንደገና ተቆልፎ ነበር። ደብተሩ ስላለ ግን የተተኩት መምህርት ከዜሮ አልጀመሩም። ባለፈው ወር የላኩልን ፎቶ ላይ ሪባን የለም፣ ባነር የለም። የተከፈተ ኮምፒውተርና ማራገቢያውን በብሩሽ የምታጸዳ ተማሪ ነው ያለበት። ከምርቃቱ ፎቶዎች ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

ታንኳን ያን ዓመት በጁን መጀመሪያ ላይ ነው ውሃ ያስነካኋት። ማንንም አልጠራሁም። ክሬኑ በሁለት ሰፋፊ ቀበቶዎች አንሥቶ አወረዳትና ውሃው ላይ ሲያደርሳት ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው «እንዳትፈታት!» አሉ። ለካ ደንቡ ይህ ነው። ጀልባዋ ገና ቀበቶው ላይ ተንጠልጥላ ሳለ ባለቤቱ ይገባል፣ ሳንቃውን ያነሣል፣ እያንዳንዱን ቫልቭ በባትሪ ያያል፣ በእጁ ይዳስሳል። ውሃ ከገባ ክሬኑ መልሶ ያወጣታል። ገብቼ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ጣቴን በየቫልቩ ሥር አዞርኩ። ደረቅ ነው።

«ደረቅ ናት!» ብዬ ጮህኩ። ቀበቶው ተፈታ።

ማታ፣ ጀልባዋ ቦታዋ ላይ ታስራ በቀስታ እየተወዛወዘች፣ ከውስጧ ሆኜ አባዬ ጋ ደወልኩ።

«ውሃ ገባ?» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

«አልገባም አባዬ፣ ደረቅ ናት።»

«ጥሩ» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ነገም እያት» አለኝ።